በቅሎ ለምን አትወልድም?
«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለች» ይባላል። መልሷ በሥነ ሕይወትም ልክ ነው፤ እናቷ ባዝራ፣ አባቷ አህያ ናቸውና።

የፈረስ የሰውነት ህዋስ 64፣ የአህያ ደግሞ 62 ክሮሞሶሞች አሉት። የዘር ህዋስ የሚይዘው ግማሹን ስለሆነ በቅሎ ከእናቷ 32፣ ከአባቷ 31፣ በድምሩ 63 ትወርሳለች። ይህ ጎዶሎ ቁጥር ጉልበቷን አይቀንሰውም፤ ጭነት ይዛ ዳገት ስትወጣ ያየ ይመሰክራል። ችግሩ የሚመጣው ሰውነቷ የራሱን የዘር ህዋስ ሲሠራ ነው። ሚዮሲስ በሚባለው በዚህ የህዋስ ክፍፍል ጊዜ ከእናትና ከአባት የመጡት ክሮሞሶሞች ጥንድ ጥንድ ሆነው መሰለፍ አለባቸው፤ የፈረስና የአህያ ክሮሞሶሞች ግን በቁጥርም በአወቃቀርም ስለሚለያዩ በትክክል አይጣመሩም። ስለዚህ ጤናማ እንቁላል የሚፈጠረው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ያም ሆኖ የወለዱ ጥቂት ሴት በቅሎዎች ተመዝግበዋል።