ሞዴል ፈተና እንዴት ይሠራል?

ለጂአርኢ (ለድኅረ ምረቃ ትምህርት መግቢያ ፈተና) የሚዘጋጅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሞዴል ፈተናን ለመጨረሻው ሳምንት ያቆየዋል። «መጀመሪያ አጥንቼ ልጨርስ፣ ከዚያ ራሴን እፈትናለሁ» ይላል። እኔ ግን መፈተን ራሱ ማጥናት ነው ባይ ነኝ።

ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን አጫጭር ጽሑፎች አስነበቡ። አንዱን ደግመው እንዲያነቡት፣ ሌላውን ደግሞ ሳያዩ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡትን በተሻለ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ከተፈተኑበት ጽሑፍ 56 በመቶ፣ ደግመው ካነበቡት 42 በመቶ ብቻ አስታወሱ። እርማት እንኳ አልተሰጣቸውም ነበር። ደግሞ ማንበብ «አውቀዋለሁ» የሚል ስሜት ይሰጣል፤ ከራስ ፈልጎ ማውጣት ግን ዕውቀቱን ያጸናዋል።

ሁለተኛው ጥቅም ሰዓት ነው። የጂአርኢ የመጀመሪያው የሒሳብ ክፍል 12 ጥያቄ በ21 ደቂቃ ነው፤ ለአንዱ 1 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ይደርሰዋል። አንድ ጥያቄ ላይ ሙጭጭ ማለት ምን እንደሚያስከፍል ሰዓት ተይዞ ካልተሠራ አይታወቅም። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ ባዶ የሚተው ጥያቄም መኖር የለበትም።

ትልቁ ሥራ ግን ያለው እርማቱ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ውጤቱን ብቻ አይቶ ወደሚቀጥለው ፈተና ይሮጣል። እንዲህ ያለ ጥያቄ እንውሰድ፦ ኤክስ ከዜሮ ይበልጣል፤ ኤክስ ስኩዌር ይበልጣል ወይስ ኤክስ? ተፈታኙ 2ን ሞከረ፣ 4 ሆነ፤ 3ን ሞከረ፣ 9 ሆነ፤ «ስኩዌሩ ይበልጣል» ብሎ አለፈ። ግማሽን ቢሞክር ሩብ ይሆንበት ነበር፤ 1ን ቢሞክር እኩል ይሆኑ ነበር። ትክክለኛው መልስ «በተሰጠው መረጃ መወሰን አይቻልም» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ደብተር ላይ «ሒሳብ ይከብደኛል» ብሎ መጻፍ ምንም አይጠቅምም። «በ0 እና በ1 መካከል ያሉ ቁጥሮችን አልሞከርኩም» ብሎ መጻፍ ግን በሚቀጥለው ጊዜ እጅን ይይዛል። በግምት የተገኘ ትክክለኛ መልስም እንደ ስህተት ተቆጥሮ ይታይ።

የፈተናው ባለቤት ኢቲኤስ ፓወርፕሬፕ በተባለው ፕሮግራሙ ሁለት ሙሉ ፈተናዎችን በነጻ ያቀርባል። በጂአርኢ የሁለተኛው የሒሳብ ክፍል ክብደት በመጀመሪያው ክፍል ውጤት ይወሰናል፤ የቃላትና የንባቡም እንዲሁ ነው። የወረቀት ሞዴል ይህን አያሳይም። ስለዚህ ሁለቱን ፈተናዎች በተከታታይ ሠርታችሁ አትጨርሷቸው። አንዱን ገና ጥናት ስትጀምሩ፣ ሌላውን የፈተናው ቀን ሲቃረብ ሥሩ፤ በመሃል የተሳሳታችሁትን እየመለሳችሁ ፍቱ። የመጀመሪያው ውጤት ዝቅ ቢልም አትደንግጡ፤ ለዩኒቨርሲቲ የሚላከው እሱ አይደለም።