መድኃኒት የያዙ የቁስል መሸፈኛዎች ጥቅምና ወሰን

ቁስል ሳይሸፈን አየር እያገኘው እንዲደርቅ መተው ትክክለኛ ሕክምና ነው የሚለው አመለካከት በብዙዎች ዘንድ የቆየ ነው። ይሁን እንጂ ተመራማሪው ጆርጅ ዊንተር እ.ኤ.አ በ1962 በአሳማ ቆዳ ላይ ያካሄዱትን ጥናት ይፋ ሲያደርጉ፣ በስስ ፕላስቲክ ተሸፍኖ እርጥበቱን የጠበቀ ቁስል ለአየር ተጋልጦ ቅርፊት ካወጣው ይልቅ በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ አዲስ ቆዳ እንደሚያበቅል አሳይተዋል።

መድኃኒት የያዙ መሸፈኛዎች የቁስሉን እርጥበት ከመጠበቅ ባሻገር ተሕዋስያንን የሚገድል ወይም የተቆጣ ቆዳን የሚያረጋጋ ንጥረ ነገር ታክሎባቸው የሚዘጋጁ ናቸው። ጀርመናዊው የቆዳ ሐኪም ፓውል ኡና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ያስተዋወቁት ዚንክ ኦክሳይድ የተቀባ ፋሻ፣ በደም መልስ መዳከም ሳቢያ እግር ላይ ለሚወጣ ቁስል እስከ ዛሬ ያገለግላል። ብር የተሰኘውን ማዕድን የያዙት በአብዛኛው ለቃጠሎና ለተመረዘ ቁስል ይታዘዛሉ። አዮዲን ያለባቸው ደግሞ የእንቅርት ሕመም ላለባቸውና ለነፍሰ ጡሮች ያለ ሐኪም ፈቃድ መደረግ የለባቸውም።

በአገራችን በባህላዊ ሕክምና የሚታወቀው ማርም በዚሁ ረድፍ ይመደባል። ማር ውኃን ወደ ራሱ የሚስብና አሲድነት ያለው በመሆኑ ባክቴሪያ በቀላሉ አይራባበትም። ለሕክምና የሚቀርበው ግን በጨረር ከተሕዋስያን የጸዳ ስለሆነ ከገበያ የተገዛ ማር ሊተካው አይችልም።

ውድ የሆነው ሁሉ የተሻለ ነው ማለት ግን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ በስፌት በተዘጋ የቀዶ ሕክምና ቁስል ላይ ኢንፌክሽንን ለመከላከል ሲባል ከተራው መሸፈኛ ይልቅ ብር ያለባቸውን ጨምሮ የረቀቁ ዓይነቶችን መጠቀም እንደማይመከር ገልጿል። ይህ ለሕክምና መገልገያ ግዥ ዕቅድ አዘጋጆች ቀላል ጉዳይ አይደለም።

መሸፈኛው ምንም ዓይነት መድኃኒት ቢይዝ፣ ቁስሉ በሚገባ ካልታጠበና የሞተው ሥጋ ካልተወገደ ውጤቱ እምብዛም ነው። በስኳር ወይም በሥጋ ደዌ ሕመም ሳቢያ የደነዘዘ እግር ላይ የወጣ ቁስል፣ ታማሚው እየረገጠው እስከተራመደ ድረስ በየትኛውም ፋሻ አይሽርም። የአንቲባዮቲክ ዱቄት ቁስል ላይ መነስነስም ቢሆን የቆዳ አለርጂ ሊያስነሣ፣ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲላመድም ሊያደርግ ይችላል። በቁስሉ ዙሪያ ያለው ቆዳ እየቀላና እየጋለ ከሄደ፣ መጥፎ ሽታ ከመጣ ወይም ትኩሳት ከተከተለ መሸፈኛ እየቀያየሩ መጠበቅ ሳይሆን በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።