አስካሪውና ቤተሰቡ

የዛሬው ቃላችን «አስካሪ» ነው። አስ-ካ-ሪ በሉ። ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ ወታደር ማለት ነው።

ኢጣሊያ በ1882 ዓ.ም. ኤርትራን ቅኝ ግዛቷ አደረገች። ከገበሬውም መሬት ወሰደች። ጊዜው ከብት ያለቀበት፣ እህል የጠፋበት ክፉ ቀን ነበር። ስለዚህ ብዙ ጎልማሳ ለደመወዝ ሲል አስካሪ ሆነ። ቀይ ታርቡሽ ደፋ፤ ጠመንጃ ያዘ።

ሚስቱስ? ልጆቿን ይዛ ከጦር ሰፈሩ አጠገብ ኖረች። በ1904 ዓ.ም. አስካሪዎች በመርከብ ወደ ሊቢያ ተላኩ። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያን እንዲወጉ ታዘዙ። ወንድም ከወንድሙ ተታኮሰ። አንዳንዶቹ ግን ከድተው ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተሰለፉ።

በቤታችሁ አስካሪ የነበረ አያት አለ ወይ? አትፈሩ፤ አረጋውያንን ጠይቁ። ስሙን፣ የሚስቱንም ስም በደብተራችሁ ጻፉ። ደህና ሁኑ።