ከመርጨት በፊት ማየት፦ ለአነስተኛ ገበሬ የሚስማማ የተባይ መከላከል

በገጠር አብያተ ክርስቲያናት ካሉ ምእመናን ብዙዎቹ ከአንድ ሄክታር በማይበልጥ መሬት በቆሎና ማሽላ ዘርተው የሚኖሩ ናቸው። እነዚህን ወገኖቻችንን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ያስጨነቃቸው አንዱ ነገር መጤ ተምች ነው። መነሻው አሜሪካ የሆነው ይህ ተባይ በ2016 በምዕራብ አፍሪካ ታየ። በዓመቱ ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ሸካ ዞን ተገኘ። ከዚያም በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደ ብዙ በቆሎ አብቃይ አካባቢዎች ተዛመተ።

ተባይ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «ምን መድኃኒት ይረጭ?» የሚል ነው። ይሁን እንጂ ለአነስተኛ ገበሬ የሚጠቅመው ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «በማሳው ውስጥ ምን እየሆነ ነው?» የሚለው ነው። የተቀናጀ ተባይ መከላከል የሚባለው ዘዴ የሚነሳው ከዚህ ጥያቄ ነው። ማሳን መከታተልን፣ በእጅ መልቀምን፣ አብሮ መዝራትንና ጠቃሚ ነፍሳትን መጠበቅን ያስቀድማል፤ ኬሚካል የሚመጣው በመጨረሻ ነው።

መድኃኒት ብቻውን ለምን አይበቃም?

የመጤው ተምች ትል ትንሽ ሳለ ቅጠል ላይ ስለሚገኝ በቀላሉ ይሞታል። ካደገ በኋላ ግን አዲስ ቅጠል ወደሚወጣበት የበቆሎው እምብርት ይገባና ቀዳዳውን በራሱ ኩስ ይደፍነዋል። በዚህ ጊዜ የሚረጭ መድኃኒት ትሉ ዘንድ አይደርስም፤ ገበሬውም ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል። በተጨማሪም ርጭቱ ትሉን የሚበሉትን ጉንዳኖችና ተርቦች እንዲሁም ንቦችን ይገድላል።

ይህ ከዚህ በፊት የታየ ነገር ነው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ የሩዝ ገበሬዎች በብዛት ሲረጩ ሸረሪቶችና ሌሎች ጠቃሚ ነፍሳት አለቁ፤ ተባዩ ግን ይብሱን ተባዛ። መንግሥት በ1986 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) 57 ዓይነት ፀረ ተባይ ምርቶችን በሩዝ ላይ እንዳይረጩ ከለከለ። በ1989 ደግሞ የገበሬዎች የመስክ ትምህርት ቤት ተጀመረ። ገበሬዎች በቡድን ሆነው በየሳምንቱ ማሳ ውስጥ ይገናኛሉ፤ ያዩትን ይቆጥራሉ፤ ተወያይተውም ይወስናሉ። ዘዴው ከዚያ ወደ አፍሪካም መጥቷል።

ማሳን እንዴት ማየት ይቻላል?

በቆሎው ከበቀለበት ጊዜ ጀምሮ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ በማሳው ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዙ መሄድና በአምስት ቦታ ቆሞ በየቦታው አሥር አሥር ተክል ማየት ይገባል። የትሉ መለያ በግንባሩ ላይ የተገለበጠ ዋይ የሚመስል ነጭ መስመር፣ በጅራቱ አካባቢ ደግሞ አራት ማዕዘን የሠሩ አራት ጥቁር ነጥቦች ናቸው። በቅጠል ላይ የተከማቸ እንቁላል ከተገኘ መጨፍለቅ፣ ትሉንም በእጅ መልቀም ነው። በትንሽ ማሳ ላይ ይህ የቤተሰብ ሥራ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

በመመሪያዎች እንደሚመከረው፣ በቆሎው ገና ቡቃያ ሳለ ከመቶ ተክል ወደ ሃያ የሚሆነው፣ ከፍ ካለ በኋላም ወደ አርባ የሚሆነው ካልተጠቃ መርጨት አያስፈልግም። በቆሎ የተወሰነ ቅጠል ቢበላበትም ያገግማልና።

የመግፋትና የመሳብ ዘዴ

በናይሮቢ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል (ኢሲፔ) ከእንግሊዝና ከኬንያ ተመራማሪዎች ጋር በ1990ዎቹ ያወጣው ዘዴ ለድሀ ገበሬ ተስፋ የሚሰጥ ነው። በበቆሎው መስመሮች መካከል ደስሞዲየም የተባለ የመኖ ተክል ይዘራል፤ በማሳው ዙሪያ ደግሞ ዝሆኔ ሳር ወይም ብራኪያሪያ ይተከላል። ዘዴው በመጀመሪያ የታሰበው ለአገዳ ቆርቁር ነበር። የዙሪያው ሳር የእሳት ራቷን ይስባል፤ ዝሆኔ ሳር ላይ የሚፈለፈሉት ትሎችም አብዛኞቹ አያድጉም። ደስሞዲየም ራቷን በሽታው ያርቃል ተብሎ ሲገለጽ ቆይቷል፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ በቅጠሉ ላይ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ትሎችን እንደሚይዙ ታይቷል። ሥሩ አቀንጭራን ይከላከላል፤ ለአፈሩ ናይትሮጅን ይጨምራል፤ ሁለቱም ተክሎች ለከብት መኖ ይሆናሉ። በ2018 የታተመ የምሥራቅ አፍሪካ ጥናት ይህን ዘዴ በተከተሉ ማሳዎች ላይ የመጤው ተምች ትሎች ቁጥር ከ80 በመቶ በላይ ቀንሶ መገኘቱን አሳይቷል።

ችግርም አለው። የደስሞዲየም ዘር ውድ ነው፤ በቀላሉም አይገኝም። ተክሉ መጀመሪያ ላይ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ በመጀመሪያው ዓመት ብዙ አረም ማረምን ይጠይቃል።

ቤተ ክርስቲያን ምን ልታደርግ ትችላለች?

ብዙ ጊዜ ሥልጠና የሚደርሰው መንገድ ዳር ላለውና ለአባወራው ነው። ብቻዋን ልጆች የምታሳድገው እናት፣ ማንበብ የማይችሉት ሽማግሌና ከልማት ጣቢያ ርቆ የሚኖረው ገበሬ መድኃኒቱን ከገበያ ይገዛሉ እንጂ ምክሩን አያገኙም። ቤተ ክርስቲያን ግን እነዚህን ሰዎች በስም ታውቃቸዋለች፤ በየሳምንቱም ታገኛቸዋለች። ስለዚህ የልማት ሠራተኛውን ሳትተካ እንዲህ ልታግዝ ትችላለች፦

1. የልማት ሠራተኛውን ጋብዞ ትምህርቱ በአዳራሽ ሳይሆን በማሳ፣ በአካባቢው ቋንቋና ለእናቶች በሚመች ሰዓት እንዲሰጥ ማድረግ።

2. ጎረቤታሞች በቡድን ሆነው በየሳምንቱ አንዱ የሌላውን ማሳ እንዲያዩ ማደራጀት። ጉልበት የሌላቸውን መበለቶችና አረጋውያን ማሳ ወጣቶች እንዲለቅሙላቸው ማድረግ።

3. ቤተ ክርስቲያኒቱ ባላት ቦታ ላይ ደስሞዲየምና ዝሆኔ ሳር አባዝቶ ቁርጥራጩን ለሌሎች ማካፈል።

4. መርጨት ግድ ከሆነ ለተባዩ የተፈቀደውን መድኃኒት ብቻ፣ በታዘዘው መጠን፣ ፊትና እጅን ሸፍኖ መርጨት እንደሚገባ ማስተማር። ባዶ ዕቃው በምንም መንገድ ለውኃ፣ ለዘይት ወይም ለማር መያዣ መሆን የለበትም።

ውድ አንባቢያን፣ ለተቸገረ ገበሬ መድኃኒት ገዝቶ መስጠት መልካም ሥራ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ጠርሙሱ ሲያልቅ ገበሬው ተመልሶ እዚያው ችግር ላይ ይቆማል። ማሳውን ማየት የተማረ ገበሬ ግን በሚቀጥለው ክረምትም ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል፤ ለጎረቤቱም ያሳያል። ጊዜው ሳያልፍ፣ በቆሎው ገና ቡቃያ ሳለ እንጀምር።