የኦክሲሪንከሱ ሸማኔ

ትሪፎን የዲዮኒሲዮስ ልጅ ከሸማኔ ቤት የተወለደ ሸማኔ ነው። የኖረው በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ዛሬ ካይሮ ካለችበት ቦታ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በኦክሲሪንከስ ከተማ ነበር። ሲወለድ ግብፅ በሮም እጅ ከገባች አርባ ዓመት ግድም ሆኗታል። ጦር አልመራም፣ መጽሐፍ አልጻፈም፣ ከዘመኑ የታሪክ ጸሐፊዎችም ስሙን ያነሳው የለም። እኛ ግን የትኛውን ግብር እንደከፈለ፣ ሚስቱ ምን ይዛ እንደመጣች፣ ከማን ጋር እንደተካሰሰና ዓይኑ ምን እንደነካው እናውቃለን።

ይህን ያተረፈልን የከተማዋ ቆሻሻ ነው። ነዋሪው ያበቃለትን ወረቀት ከከተማው ዳር ይጥለው ነበር። አገሩ ዝናብ አያውቅምና ክምሩ ሳይበሰብስ ቆየ። በ1896 መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ግሬንፌል እና ሀንት የተባሉ ሁለት የኦክስፎርድ ምሁራን ቁፋሮ ጀመሩ፤ የተገኘው ጽሑፍ ከ1898 ጀምሮ ሲታተም ከ80 ቅጽ በላይ ሆኖ እስካሁን አላለቀም። ወረቀት ስል ፓፒረስ ማለቴ ነው፤ የጣና ሰዎች ታንኳ ከሚሠሩበት ከደንገል የሚዘጋጅ። ጽሑፉ አብዛኛው በግሪክኛ ነው። የገዢዎቹ ቋንቋ ላቲን በዚህ ክምር ውስጥ ብርቅ ነው።

ሮም ወደ ሸማኔው ቤት የምትገባው ሰይፍ ታጥቃ ሳይሆን መዝገብ ይዛ ነበር። ወንድ ልጅ 14 ዓመት ሲሞላው የነፍስ ወከፍ ግብር ይጀምራል፤ የሚገላገለው 60 ዓመት ገደማ ሲደርስ ነው። የሮም ዜጎችና የእስክንድርያ ተወላጆች አይከፍሉም። ትሪፎን ገና በጉርምስናው በዓመት 12 ድራክማ (የጊዜው ገንዘብ ነው) ይከፍል ነበር። በዚህ ላይ የሽመና ግብር፣ የመስኖ ግድብ ግብር፣ የአሳማ ግብር ይደመራል። ማን የት እንደሚኖር ለማወቅ በየ14 ዓመቱ ቤት ለቤት ቆጠራ ይካሄዳል። የንጉሠ ነገሥቱ ስም ለተራው ሰው በዋነኛነት የቀን መቁጠሪያ ነበር ብል ብዙ አላጋነንኩም፤ የውል ቀን የሚቆጠረው በገዢው ንጉሠ ነገሥት የንግሥና ዓመት ነውና። ወሮቹ ግን የግብፅ ናቸው፦ እያንዳንዳቸው 30 ቀን ያላቸው 12 ወሮች፣ በመጨረሻ 5 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ 6። የትሪፎን አዲስ ዓመት የሚብተው ልክ እንደኛው መስከረም 1 ቀን ነበር።

ትዳሩ አንዴ ፈርሷል። የመጀመሪያ ሚስቱ ዴሜትሩስ ጥላው ሄደች፤ እሱም 40 ድራክማ የሚያወጣ ንብረት ይዛ ጠፋች ብሎ ከሰሳት። ሁለተኛዋ ሳራዩስ 40 ድራክማ ጥሬ ገንዘብ፣ 20 ድራክማ የሚገመት የወርቅ ጉትቻ እና የ12 ድራክማ ቀሚስ ይዛ መጣች። ጣውንት የሚሉት ነገር እዚያም አልቀረም፦ ዴሜትሩስ እናቷን አስከትላ ነፍሰ ጡሯን ሳራዩስን ደበደበች ተብሎ ሌላ አቤቱታ ቀረበ።

ከሰነዶቹ ሁሉ እኔን የሚይዘኝ የ49 ዓ.ም. ችሎት ነው። ፔሱሪስ የተባለ ሰው ከፍግ ክምር ላይ የተጣለ ወንድ ሕፃን አንስቶ ለሳራዩስ በደሞዝ እንድታጠባው ሰጣት። ይህ በጊዜው እንግዳ ነገር አልነበረም። ከእስክንድርያ ለሚስቱ የጻፈ አንድ ሠራተኛ፣ ወንድ ከወለድሽ አሳድጊው፣ ሴት ከሆነች ጣያት ብሎ ያዛል፤ ያውም በፍቅር ሰላምታ በተሞላ ደብዳቤ ውስጥ። የተጣለውን ያነሳ ሰው ደግሞ ባሪያ አድርጎ ሊያሳድገው ይችላል። የፔሱሪስ ጠበቃ ሲናገር ሕፃኑ በረሃብ ሲጎዳ አይተን ወሰድነው፣ ሴትዮዋ ግን ቤት ገብታ ነጠቀችን፣ አሁን ነፃ ልጅ ነው ትላለች አለ። ሳራዩስ መለሰች፦ የተሰጠኝ ልጅ ሞቷል፤ ይሄኛው የራሴ ነው፤ ልትወስዱብኝ ነው።

የአውራጃው ሹም የሕፃኑን ፊት አየ። መልኩ የሳራዩስን ይመስላል፤ እሷና ባሏ የተቀበሉት ልጅ መሞቱን በጽሑፍ ይማሉ፣ የወሰደችውን ገንዘብ ትመልስ፣ ልጇን ትውሰድ ብሎ ፈረደ። ከሳሹ ወገን ግን ፍርዱን አልተቀበለም፤ ትሪፎንን ሥራውን እንዳይሠራ እስከማወክ ደረሰ። ሸማኔው በዚህ ጊዜ ያደረገው ነገር ስለ ግዛቱ ኑሮ ከብዙ ሐተታ በላይ ይነግረናል፤ በቀጥታ ለግብፅ ገዢ ለካፒቶ አመለከተ። ግብር የሚሰበሰብበት መዝገብ ለአቤቱታም በር እንደሚከፍት ተገዢው ያውቅ ነበር። በሩ ሲንኳኳ ሁልጊዜ ይከፈታል ማለት ግን አይደለም።

በ52 ዓ.ም. ትሪፎን በዓይን ሞራ ምክንያት አጥርቶ ማየት ስላልቻለ እስክንድርያ ላይ ተመርምሮ በገዢው ትእዛዝ ከግዴታ ነፃ ተደረገ። ከ2 ዓመት በኋላ ይኸው ዓይነ ደካማ ሰው በ20 ድራክማ የሽመና መሣሪያ ሲገዛ እናገኘዋለን፤ በ55 ደግሞ የአንድ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ግማሽ ገዛ። ፈገግ ማለት ይቻላል፤ በመሣሪያው የሚሠሩት ልጆቹ ይሆናሉ ብሎ መከራከርም ይቻላል።

በ66 ልጁን ቶኦኒስን ለአንድ ዓመት ሽመና እንዲማር ለፕቶለማዮስ አስረከበው። መምህሩ ለምግቡ በወር 5 ድራክማ፣ ለልብሱ በመጨረሻ 12 ድራክማ ይሰጣል። ልጁ ከሥራ የጠፋባቸው ቀኖች ካሉ ዓመቱ ሲያልቅ በቁጥራቸው ልክ ይሠራል፤ አለዚያ አባት ለእያንዳንዱ ቀን 1 የብር ድራክማ ይከፍላል።