ሕፃናቱን ለእናታቸው የመለሰ ፎቶግራፍ

የታይታኒክ መርከብ መስጠም ሲነሣ ወሬው ሁሉ ስለ በረዶው ግግር ነው። እኔ ደግሞ እስቲ ስለ አንድ ፎቶግራፍ ልንገራችሁ። ከአደጋው የተረፉ፣ ጠጉራቸው የተጠቀለለ ሁለት ሕፃናት ጎን ለጎን ሆነው ይታያሉ። ፎቶውን እ.ኤ.አ. በ1912 ያሰራጨው ቤይን የተባለው የኒው ዮርክ የዜና ፎቶ አቅራቢ ድርጅት ነው። ከሥሩ «ሉዊስና ሎላ» የሚል ተጽፎ የጥያቄ ምልክት ተጨምሮበታል። ማን እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው አልነበረማ!

ልጆቹ ከፈረንሳይኛ በቀር ቋንቋ የላቸውም። ትልቁ አራት ዓመት አልሞላውም፤ ትንሹ የሁለት ዓመት ልጅ ነው። አባታቸው መርከቧ ላይ «ሆፍማን» በሚል ስም ተሳፍሮ ነበር፤ እሱ ሰጠመ። ከአደጋው የተረፈችውና ፈረንሳይኛ የምትችለው ማርጋሬት ሄይስ ኒው ዮርክ ላይ ቤቷ አስጠጋቻቸው።

አሁን የሚደንቀውን፣ ፎቶው ጋዜጣ ላይ የወጣበትን መንገድ ስሙኝ። የማተሚያ ማሽን ግራጫ አያውቅም፤ ቀለሙን ወይ ያሳርፋል፣ ወይ ይተዋል። ታዲያ ፊት እንዴት ይታተማል? በዚያ ዘመን ፎቶውን ደቃቅ መስመሮች በተሰመሩበት መስታወት በኩል እንደገና ያነሡት ነበር። በዚህ ጊዜ ምስሉ ወደ ነጠብጣብ ይለወጣል፤ ጥቁሩ ቦታ ትልልቅ፣ ነጣ ያለው ትንንሽ ነጥብ ይሆናል። ጋዜጣውን ራቅ አድርጋችሁ ስታዩት ዓይናችሁ ነጥቦቹን ያዋህድና ግራጫውን ራሱ ይሠራዋል። የአንድ ሕፃን ፊት በሺዎች ቅጂ ተባዝቶ አገር ላገር የዞረው እንዲህ ነው።

ፈረንሳይ፣ ኒስ ከተማ ውስጥ ማርሴል ናቭራቲል ልጆቿ ጠፍተውባት ነበር። ከእሷ ተለያይቶ የነበረው ባሏ፣ ልብስ ሰፊው ሚሼል፣ ለፋሲካ ወስዷቸው በዚያው ቀረ። የጋዜጦቹ ዘገባና ምስል ሲደርሳት የራሷ ሚሼልና ኤድሞን መሆናቸውን አወቀች። ሎላ የተባለችውም ሴት ልጅ አልነበረችም፤ ሎሎና ሞሞን የወንዶቹ የቁልምጫ ስም ነበር። እናትየው ሜይ 16 ቀን ኒው ዮርክ ደርሳ ልጆቿን አቀፈች። ለዜና ገበያ የተነሣ ፎቶ ነው ይህን ያደረገው፤ እኔ ከታይታኒክ ምስሎች ሁሉ ይህንን አስበልጣለሁ።

አባትየው ካቶሊክ ቢሆንም «ሆፍማን» የሚለው ሐሰተኛ ስሙ አይሁዳዊ ስላስመሰለው የተቀበረው ካናዳ፣ ሃሊፋክስ በሚገኝ የአይሁድ መካነ መቃብር ነው። ትልቁ ልጅ ሚሼል የፍልስፍና ፕሮፌሰር ሆነ፤ የአባቱን መቃብር ለማየት የበቃው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በ2001 በ92 ዓመቱ ሲያርፍ ከታይታኒክ ከተረፉት ወንዶች የመጨረሻው እሱ ነበር።