ዐዲስ ሥራ የያዘ ወጣት ጤንነቱ እንዴት ይጠበቃል?

ትምህርቱን ጨርሶ የመጀመሪያ ሥራውን የያዘ ወጣት በቤተ ሰቡም ሆነ በሰፈሩ ዘንድ ወንዝ እንደ ተሻገረ ሰው ይቈጠራል። ወላጆቹ «ልጃችን ራሱን ቻለ» ብለው ያርፋሉ፤ ጎረቤት እንኳን ደስ ያላችሁ ይላል፤ ያስተማረው መምህርም ሐሳቡን ወደሚቀጥሉት ተማሪዎች ይመልሳል። በጤና በኩል ሲመረመር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሥራ የተያዘበት የመጀመሪያው ዓመት ወጣቱ ጠባቂ የሚያንስበት ዓመት ነው። የእናቱ ማእድ ቀርቶበታል፤ ደመወዝን ከወር እስከ ወር አብቃቅቶ የመኖር ልምድ ገና የለውም፤ በመሥሪያ ቤቱ በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው፤ ወደ ታች እንደምናመለክተው ሕጉም እንኳ በዚህ ጊዜ የሚሰጠው ከለላ ከሌላው ጊዜ ያነሰ ነው። ስለዚህ ለዚህ ዓመት የሚያስፈልገው ጥበቃ በአሠሪው፥ በነባሩ ሠራተኛ፥ በአከራዩ፥ በወላጁና በመምህሩ እጅ ይገኛል።

ይህም ግምት ብቻ አይደለም። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፈን ደርከን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ምሁራን በአገራችን በሚገኙ አምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱትን ወደ 1000 የሚጠጉ ሰዎች ተከታትለው ውጤቱን በ2010 ዓ.ም. አሳትመዋል። ሥራውን ካገኙት መካከል ሢሶው ያህል በመጀመሪያው ወር ውስጥ፥ ከአራት ሦስት እጅ የሚበልጡት ደግሞ ዓመት ሳይሞላ ትተውት ሄደዋል። በሥራው ላይ በቈዩበት በያንዳንዱ ወርም ከባድ የጤና ችግር የሚያጋጥማቸው ሰዎች ከመቶው በአንድ ሰው ያህል እየጨመሩ መሄዳቸው ታውቋል። በእኛ ዘንድ ሥራውን ጥሎ የሄደን ወጣት «ትዕግሥት የለውም፥ ሰነፍ ነው» ማለት የተለመደ ነው። ከአራቱ ሦስቱ የሚሄዱበት ቦታ ከሆነ ግን ስንፍናን ከመፈለግ በፊት ቦታውንና አኗኗሩን መመርመር ይቀድማል።

የችግሩ መነሻ ብዙ ጊዜ ምግብ ነው፤ የምግቡም ችግር መነሻ የደመወዙ ቀን ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ወሩ ከተሠራ በኋላ ስለ ሆነ ዐዲሱ ሠራተኛ ሠላሳ ቀን ያህል ያለ ገቢ መቈየት ግድ ይሆንበታል፤ ስሙ በደመወዝ መክፈያው ላይ ሳይገባ የዘገየ እንደ ሆነ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። በዚሁ ጊዜ ውስጥ የቤት ኪራይ በቅድሚያ ይከፈላል፤ ለታክሲና ለአውቶቡስ በየቀኑ ገንዘብ ይወጣል፤ ለሥራው የሚገባ ልብስና ጫማ ይገዛል። ኪራይና መጓጓዣ የሚቀነሱ አይደሉምና የሚቀነሰው ምሳ ይሆናል። ጠዋት ሻይ በዳቦ፥ ቀን ምንም፥ ማታ እንጀራ በሽሮ እያለ ወሩን የሚገፋ ወጣት ብዙ ነው። ባልደረቦቹ ለምሳ ሲወጡ «ጠግቤአለሁ» ወይም «የምጨርሰው ሥራ አለብኝ» ብሎ በቦታው ይቀራል፤ አለቃውም ትጋቱን ያደንቃል። ከቀትር በኋላ ግን ራሱ ይዞራል፤ ቍጥር ይሳሳታል፤ ዐይኑ ይፈዛል። በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ እንደ ሆነ ደብዳቤ ያበላሻል፤ በመኪና አጠገብ የቆመ እንደ ሆነ ግን ጣቱን ሊያጣ ይችላል።

ለዚህ የሚሆነው መድኀኒት ከመድኀኒት ቤት የሚገዛ አይደለም። አሠሪው የመጀመሪያውን ወር ደመወዝ በሁለት ከፍሎ ግማሹን በአሥራ አምስተኛው ቀን ቢሰጥ የሚጐድልበት ነገር የለም። ወላጆችም ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። የመጀመሪያውን ደመወዝ ለአባትና ለእናት አስረክቦ መመረቅ ያማረ ልማድ ነው፤ ይሁን እንጂ ወላጆች ከተቀበሉና ከመረቁ በኋላ የሚበዛውን መልሰው በልጁ እጅ ቢያኖሩለት ምርቃቱ አይቀንስም። ከዚያ በኋላም በየወሩ ለታናናሾቹ ትምህርትና ለቤተ ዘመድ ችግር እንዲልክ ሲጠየቅ፥ ጠያቂው ልጁ ከሚበላው ላይ እየቀነሰ እንደሚልክ ማወቅ አለበት። ወጣቱም በበኩሉ ምሳውን ከቤት ቋጥሮ ቢሄድ አያሳፍርም። ሽሮና ምስር፥ ጐመንና እንጀራ ለሚሠራ ሰው በቂ ምግብ ነው፤ አንድ እፍኝ ቆሎም ከባዶ ሆድ ይሻላል።

በዚህ ጊዜ ብዙዎች «ጨጓራዬን አመመኝ» ይላሉ። ምግብ መዝለል ሕመሙን የሚያባብሰው ቢሆንም፥ አብዛኛውን የጨጓራና የትንሹ አንጀት ቍስል የሚያመጡት ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባል ተሕዋስና እንደ ኢቡፕሮፌን፥ ዲክሎፌናክና አስፕሪን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ስለዚህ ሆዱን የሚያመው ሰው ለራስ ምታቱ እነዚህን ክኒኖች እየዋጠ መዋል የለበትም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር። ተሕዋሱ ከተገኘ በሐኪም ትእዛዝ በሚሰጡ መድኀኒቶች ይድናል።

ስለ መኖሪያም ጥቂት እንበል። ዐዲስ ሠራተኞች ኪራዩን ለመካፈል ሦስትም አራትም ሆነው በአንዲት ክፍል ያድራሉ። አብሮ መኖሩ ለብቸኝነት መድኀኒት ስለ ሆነ አይነቀፍም፤ የሚያሠጋው የአየሩ ነገር ነው። የሳንባ ነቀርሳ መስኮቱ በተዘጋና ሰው በበዛበት ክፍል ውስጥ በአየር ይተላለፋል። አብሮ ከሚያድር ሰው አንዱ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለው እንደ ሆነ ሳይውል ሳያድር አክታውን ያስመርምር፤ ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋሞች ያለ ክፍያ ይሰጣል። ሁለተኛው አደጋ ከሰል ነው። በክረምት ማታ ምድጃውን ወደ ውስጥ አስገብተው በሩን ዘግተው የሚተኙ አሉ። ከሰሉ ፈጽሞ ከቀላ ጭስ ስለሌለው መርዝም የለውም የሚል አስተሳሰብ በሰፊው ይነገራል፤ ይህ ስሕተት ሰው ገድሏል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የቀላውም ከሰል ያወጣዋል። ከሰል ባለበት ክፍል ራሱን ያመመውና ያጥወለወለው ሰው ወዲያውኑ ወደ ውጭ አየር ይውጣ፤ ጓደኞቹንም ይቀስቅስ። አከራዮች የሚከፈት መስኮትና ከዝናብ የተጠለለ ማብሰያ ቦታ ቢያዘጋጁ በብዙ ቤቶች ሞትን ይከላከላሉ።

በሥራ ቦታ ደግሞ በግልጽ የማይነገር አንድ ጕዳይ አለ። ብዙ ወጣት ሴቶች በሥራ ሰዓት ውሃ አይጠጡም፤ ምክንያቱም መጸዳጃው የቈሸሸ ወይም በር የሌለው ነው፤ አለዚያም ለመውጣት ፈቃድ መጠየቅ ያሳፍራቸዋል፤ ሲጠይቁም የሚቈጣ ተቈጣጣሪ ያጋጥማቸዋል። ውሃ አለመጠጣትና ሽንትን ይዞ መዋል ለሽንት መንገድ ሕመም ያጋልጣል። በወር አበባ ጊዜ የሚለወጥበት የተከለለ ቦታ፥ ውሃና ሳሙና የሌለበት መሥሪያ ቤት ሠራተኛይቱን ከሥራ ሊያስቀር ይችላል። ንጹሕ መጸዳጃ ቤት ከመቀጠሪያው ደብዳቤ ጋር አብሮ መታሰብ ያለበት ነገር ነው። ኀላፊው ሴት ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ቦታ ራሱ አይቶ የማያውቅ ከሆነ ሌላ ሰው ልኮ ያስመርምር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ዐዲሱን ሠራተኛ የሚጐዳው አለመጠየቁ ነው። ይሉኝታ የተባለው ጠባያችን በማእድና በእንግዳ ፊት ሰውን የሚያስከብር ቢሆንም፥ በሥራ ቦታ ሲሆን ብዙ ጊዜ ወጣቱን ይበድለዋል። ወጣቱ መኪናው እንዴት እንደሚቆም አልገባውም፤ ነገር ግን «ምን ይሉኛል» ብሎ ይነካዋል። ትኩሳት ይዞታል፤ ነገር ግን «ገና ከመግባቱ ታመመ እንዳልባል» ብሎ ይውላል። የሚሰድበው አለቃ አለበት፤ ነገር ግን «ሥራ አጥቶ ከመዞር ይሻላል» ብሎ ይውጠዋል። በነባሮቹም ዘንድ «እኛም በስድብና በቍጣ ነው የተማርነው» የሚል አነጋገር አለ። በቍጣ የተማረ ሰው ሥራውን ሊያውቅ ይችላል፤ ቢሳሳት መናገርን ግን አይማርም፤ ያልተነገረ ስሕተትም በፋብሪካ ጣት፥ በሐኪም ቤት ነፍስ ያስከፍላል። ስለዚህ ለያንዳንዱ ዐዲስ ገቢ ከነባሮቹ አንድ ደግ ሰው ለይቶ መስጠትና «የፈለግኸውን፥ ሁለት ጊዜም ቢሆን፥ እርሱን ጠይቅ» ማለት ወጪ የሌለው ታላቅ ጥበቃ ነው። ወጣቷ ሠራተኛ የምትጠይቀው ሰው ሴት ብትሆን ይመረጣል፤ የማይገባ ንግግርና ልክፍት ሲደርስባት ለወንድ አለቃ መናገር ይከብዳታልና።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በፋብሪካ፥ በንግድ ቤትና ይህን በመሰለው ድርጅት የሚሠራውን ሠራተኛ የሚመለከት ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ራሱን የቻለ ሕግ አለው። በአዋጁ መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። የሕመም ፈቃድ የሚሰጠው ይህን የሙከራ ጊዜ ለጨረሰ ሠራተኛ ነው። የመጀመሪያው የዓመት ፈቃድም፥ ይኸውም 16 የሥራ ቀን፥ አንድ ዓመት ካገለገለ በኋላ ይገኛል። እንግዲህ አንባቢው እንደሚመለከተው፥ አካሉ ሥራውን ገና ባልለመደበት፥ ምግቡም እንቅልፉም በተቃወሰበት በዚያ ጊዜ ውስጥ ወጣቱ ታምሞ ለመተኛት በሕግ የተጻፈ ፈቃድ የለውም። አሠሪው ግን ከሕጉ በላይ መስጠት አልተከለከለም። በሙከራ ጊዜ ለታመመ ሠራተኛ ሁለትና ሦስት ቀን ከነደመወዙ የሚፈቅድ ድርጅት ትኩሳት ይዞት ከሚሠራና ለሌላው ከሚያስተላልፍ ሰው ይድናል።

በሥራ ላይ የሚደርስ ጕዳት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ለዚህ አሠሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኀላፊነት አለበት፤ ሠራተኛው ስለ አደጋው አስቀድሞ እንዲነገረው፥ የመከላከያ ልብስና መሣሪያም እንዲሰጠው አዋጁ ያዝዛል። የሥራው ሰዓት በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ዕድሜው ከ15 እስከ 18 ዓመት የሆነ ወጣት ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፥ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲሠራ አይፈቀድም። አንዳንዱ ወጣት የቀኑን ሥራ ጨርሶ ማታ ሌላ ሥራ ይጨምራል፤ ጕልበት ያለው ይመስለዋል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2013 ዓ.ም. በጋራ ባወጡት ጥናት፥ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ይልቅ በአንጐል የደም ሥር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ35 ከመቶ፥ በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸውም በ17 ከመቶ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ሌሊት የሚሠራ ሰው ቀን ሲተኛ መስኮቱን በጥቍር ጨርቅ ይጋርድ፤ ስልኩን ያጥፋ፤ አብረውት የሚኖሩትም ድምፃቸውን ዝቅ ያድርጉለት። እንቅልፍን በጫት ገፍቶ በመጠጥ መመለስ ለጥቂት ሳምንት የሚያገለግል ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ ያለ ሁለቱ መንቃትም መተኛትም ያዳግታል።

ስለ አእምሮ ጤና የሚነገረው ብዙ ነው፤ በዚህ ስፍራ ግን ለይቶ ማወቂያውን ብቻ እንገልጻለን። በመጀመሪያው ወር መጨነቅ፥ ቤትን መናፈቅ፥ አልፎ አልፎም ማልቀስ ሕመም አይደለም። ነገር ግን ሐዘኑ ወይም የነገር ሁሉ መሰልቸት ሁለት ሳምንት ሳይለቅ ከቈየ፥ እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ፥ ሰውነት ያለ ምክንያት ከዛለ፥ ወጣቱ ከሰው ከሸሸ፥ ይህ ድብርት ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። ወደ ጸበል መሄድ ወይም ዱዓ ማድረግ ሐኪም ከማየት አይከለክልም፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሰው ከተሰማ ደግሞ ቀልድ ነው ተብሎ አይታለፍ፤ ብቻውን ሳይተው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ስለ ሥራና ስለ አእምሮ ጤና ባወጣው መመሪያ በድብርትና በጭንቀት ምክንያት በዓለም ላይ በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀን እንደሚባክን ገልጾ፥ አለቆች የሠራተኞቻቸውን ጭንቀት ለይተው እንዲያውቁ እንዲሠለጥኑ መክሯል።

በመጨረሻም የመምህራን ፋንታ አለ። በመጨረሻው የትምህርት ወር ጥቂት ሰዓት ተወስዶ ተማሪዎቹ የአንድ ጀማሪ ሠራተኛን የወር ወጪ በሰሌዳ ላይ ቢያሰሉ፥ ኪራዩን፥ መጓጓዣውን፥ ምሳውንና ወደ ቤት የሚላከውን በየመስመሩ ቢጽፉ፥ የመጀመሪያውንም ወር በምን እንደሚያልፉት ቢነጋገሩ ከብዙ የንጽሕና ትምህርት የማያንስ ጥቅም ይሰጣል። ተማሪው ሥራ ከያዘ በኋላም መምህሩ በሁለተኛው ወር ገደማ በስልክ ቢያገኘው መልካም ነው። ጥያቄው ግን «እንዴት ነህ?» ብቻ አይሁን፤ ለዚህ ሁላችንም የምንሰጠው መልስ «ደኅና፥ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ነውና ከዚያ በኋላ ነገር ይዘጋል። «ምሳ የት ትበላለህ? ስንት ሆናችሁ ታድራላችሁ? ክፍሉ መስኮት አለው? ሥራ ሲያስቸግርህ ማንን ትጠይቃለህ?» ተብሎ በዝርዝር ሲጠየቅ ወጣቱ አንዱን መመለስ ያቅተዋል፤ መምህሩም ችግሩ የት እንዳለ በዚያ ያውቃል።